የሰላ ድንጋዩ ተማሪ

በመንዝ ደጋ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ ከኖሩት ትረካዎች አንዱ የጓሳን መሬት የሚመለከት ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ብርዳም አገር ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ያ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው በክረምት የሚደርበው ገሳም ይሠራበታል። እንደ ትረካው ከሆነ በ17ኛው መቶ ዓመት አገሩን ያቀኑት ሁለት አባቶች፣ አስቦና ጌራ፣ ድርሻቸውን የለዩት በፈረስ ግልቢያ ነው። የጓሳን ሣር ግን ለዘር ማንዘራቸው የጋራ ሀብት እንዲሆን አቆዩት፤ ይህም ቀሮ በተባለው ሥርዐት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ሲጠበቅ ኖረ።

ግልቢያው በእርግጥ ተደርጎ ይሁን አይሁን፣ ትረካው የአገሩን ጠባይ በሚገባ ያሳያል። በዚያ ደጋ ቀድሞ መድረስ እንደ መብት የሚቈጠርበት ጊዜ አለ። ከብቶቹን ቀድሞ ከምንጩ ያደረሰ እረኛ ቀድሞ ያጠጣል። ስለዚህ ታናሹ ታላቁን አዘናግቶ በአቋራጭ ሲቀድመው፣ ታላቁ ሲደርስ የጠራውን ውሃ ደፍርሶ ያገኘዋል። ነገሩ በዱላ ይጀመርና ማታ እሳት ዳር በሳቅ ያልቃል። በ1805 ዓ.ም. ገደማ ግን ከዚሁ ደጋ በስተ ደቡብ፣ በሰላ ድንጋይ ይማር የነበረ አንድ ወጣት፣ ታላቅ ወንድሙን በዚሁ ዓይነት ቀደመው። ታላቁን ያመለጠው ግን የውሃ ተራ ሳይሆን የሸዋ አልጋ ነበርና ነገሩ ማታ በሳቅ የሚያልቅ አልሆነም።

ወጣቱ ኋላ ንጉሥ የተባለው ሣህለ ሥላሴ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው ከዐሥራ ሰባት ወይም ከዐሥራ ስምንት ዓመት አይበልጥም ነበር። አባቱ ወሰን ሰገድ ከመርድ አዝማች አስፋ ወሰን ቀጥሎ ሸዋን የገዛ ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ ከመንዝ ተነሥቶ የሸዋን ገዥነት ወደ መሠረተው ወደ ነጋሢ ክርስቶስ ይወጣል። ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ቢነሣም የልጅ ልጆቹ መቀመጫቸውን እያደር ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ አዛውረው አንኮበር ደርሰዋል። ወሰን ሰገድም ከአንኮበር ብዙ በማይርቀው በቁንዲ ተራራ ላይ መኖሪያ ነበረው። ይሁን እንጂ ቤቱ ከመንዝ ጋር ያለው ዝምድና አልተቋረጠም፤ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በመንዝ ብርቱ ወገን ነበራት፤ ይህም ወገን በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሠራ ነው።

ሣህለ ሥላሴ የበኩር ልጅ አልነበረም። ለአልጋው የቀረበው ታላቅ ወንድሙ በኩሬ ነበር፤ ስሙ እንኳ ይህንኑ የሚያስታውስ ይመስላል። በኩሬ መርሐ ቤቴን እንዲገዛ ተሹሞ በዚያ ተቀምጧል። ታናሹ ግን ወደ ሰላ ድንጋይ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተልኮ ነበር። ለአልጋ የማይታሰብን የመሳፍንት ልጅ ለትምህርት መስጠት በዚያ ዘመን የተለመደ ነገር ነው፤ ፊደል የቆጠረና ዳዊት የደገመ ልጅ ከአልጋው ርቆ በሰላም ይኖራል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ያስተማረው ዳዊት ብቻ አይደለም። የሩቅ አገር ልጆች ደበሏቸውን ደርበው የሚሰበሰቡበት፣ ውሻ ማምለጥ፣ መምህርን ማዘናጋት፣ ከጓደኛ ቀድሞ መድረስ የሚለመድበት ቦታ ጭምር ነው። የመሳፍንት ልጅ ቁራሽ ባይለምንም ከዚህ ጠባይ ነፃ ሆኖ አይወጣም።

እዚህ ላይ የአገሩን አቀማመጥ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከሰላ ድንጋይ ወደ ቁንዲ የሚሄድ ሰው መንገዱ ከሞላ ጎደል በደጋ ነው። መርሐ ቤቴ ግን በጀማና በወንጪት ወንዞች ሸለቆዎች የታጠረ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አንኮበር አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ከአምባው ወደ ቆላ መውረድ፣ ወንዝ መሻገር፣ ደግሞ ሌላውን አቀበት መውጣት ግዴታው ነው። ጭፍራና ጓዝ ያስከተለ ሹም ሲሆን ድካሙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቀን ቢነሡ እንኳ መንገዱ ለታናሹ ያደላ ነበር።

ወሰን ሰገድ በገዛ ባሪያው እጅ ድንገት ተገደለ። ገዥው ሲሞት ወራሹ በቦታው ካልተገኘ፣ አልጋው ለደፋር ሁሉ ክፍት ይሆናል። በኩሬ ዘገየ። ሣህለ ሥላሴ ግን መጽሐፉን አጥፎ ተነሣና ወደ ቁንዲ ገሠገሠ። የእናቱ የመንዝ ወገኖች ተከተሉት፤ በኩሬ ከመድረሱ በፊትም ራስና መርድ አዝማች ተብሎ የአባቱን ሥልጣን ያዘ። ታላቅየው ሲደርስ ውሃው ደፍርሶ ጠበቀው።

ይህን ድርጊት ምን ብሎ መጥራት እንደሚገባ መወሰን ቀላል አይደለም። ዝርፊያ እንዳይባል፣ ወራሹ በቦታው ያልነበረበትን አልጋ ሌላ ከወሰደው የቤቱ ዘር ሊጠፋ ይችል ነበር። ጀግንነት እንዳይባል፣ የተደፋፈረው በጠላት ላይ ሳይሆን በወንድሙ ላይ ነው። ምናልባት ትክክለኛው ስም የልጅ ብልጠት ነው። ልጅ ሲቀድም የሚያስበው ስለ መቅደሙ ብቻ ነው፤ የተቀደመው ከዚያ በኋላ የት እንደሚገባ አያስብም። ሣህለ ሥላሴ ግን አልጋው ላይ በወጣ ማግሥት ያንኑ ጥያቄ መመለስ ነበረበት፤ በኩሬ የት ይግባ?

መልሱን ልማድ አዘጋጅቶለት ነበር። የንጉሥ ወንድሞችን በአምባ ላይ ማኖር በኢትዮጵያ የቆየ ሥርዐት ነው። በመካከለኛው ዘመን አምባ ግሸን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ ለዚሁ አገልግለዋል። የሸዋ ገዥዎችም የራሳቸው ስፍራ ነበራቸው፤ ስሙም ጎንቾ ይባላል። ጎንቾ ከአንኮበር በታች ወደ ይፋት ቆላ በሚወርደው አገር የሚገኝ ሲሆን፣ የጠባቂነቱ ሥራ የይፋት ገዥ ለሆነው ለወላስማው የተሰጠ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ወላስማው እስላም በመሆኑ እስረኛው ልዑል ቢያመልጥ እንኳ በእርሱ አማካይነት የክርስቲያኑን መኳንንት ልብ ሊያገኝ አይችልም ተብሎ ይታመን ነበር። በኩሬና ሌሎቹ ወንድሞች ወደ ጎንቾ ወረዱ።

ጎንቾ ከግሸን የሚለየው በአንድ ነገር ነው። በግሸን የነበሩት መሳፍንት በአምባው ላይ ተንቀሳቅሰው ይኖሩ ነበር፤ ጎንቾ ግን የእግር ብረት ያለበት እስር ቤት ነው። እዚያ የገባው ወንድም ጥፋቱ ከአንድ አባት መወለዱ ብቻ ነው። ፍርድ አልተሰጠበትም፤ ፍርድ ስለሌለውም የሚያልቅበት ቀን የለውም። ከወንድሞቹ አብዛኞቹ በዚያ የበጋና የክረምት ቈጠራ እየጠፋባቸው ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀመጡ። በሰላ ድንጋይና በቁንዲ መካከል ያለው ጉዞ የወሰደው ጊዜ ግን የቀናት ነገር ነው።

ታናሹ በአልጋው ላይ ደካማ አልሆነም፤ ይልቁንም ከአባቶቹ ሁሉ የበለጠ ኃይለኛ ገዥ ወጣው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ዐመፀኞችን በጦርም በማባበልም በማስገባት አሳለፈ። ከዚያም ራስነቱና መርድ አዝማችነቱ አልበቃው ብሎ የሸዋ ንጉሥ ተባለ። በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ በኦሮሞ አገሮች ላይ በየዓመቱ የሚያደርገው ዘመቻ ግዛቱን አስፍቶለታል፤ ለተዘመተባቸው ሰዎች ግን የከብት መነዳትና የቤት መቃጠል ማለት ነበር። አንጎለላን ከተማ አደረገ። ከታጁራ ተነሥተው በአፋር በረሃ ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚመጡትን ነጋዴዎች ጠበቀ፤ ነፍጥ ይዞ የመጣውንም በተለይ አከበረ። በ1820ዎቹ በሸዋ ጽኑ ረኀብ በሆነ ጊዜ ጎተራውን ከፍቶ ሕዝቡን መገበ፤ ለዚህም ስሙ ለብዙ ዘመን በበጎ ሲነሣ ኖሯል።

እናቱን አልረሳም። ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ልጅዋ ተማሪ በነበረበት በሰላ ድንጋይ መቀመጫዋን አድርጋ ሰፊ ግዛት ታስተዳድር ነበር፤ የውጭ አገር ሰዎችም ሊጐበኙአት ይሄዱ ነበር። ያለ እርስዋ ወገን ሣህለ ሥላሴ በቁንዲ ደጃፍ ከደረሰ ተራ ተማሪ የተለየ ነገር ባልሆነም ነበር። የሸዋ ታሪክ ሲጻፍ የዚህች ሴት ድርሻ በአንድ ዐረፍተ ነገር መታለፉ ተገቢ አይደለም፤ የሚያሳዝነው ግን እዚህም ቢሆን ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ቦታ አለማግኘቷ ነው።

በአልጋው ላይ ሳለ ንጉሡ ዘወትር የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። ወደ ግዛቱ የሚገባና የሚወጣ እንግዳ ሁሉ ፈቃዱን ማግኘት ነበረበት፤ በሮቹም በታመኑ ሰዎች ይጠበቁ ነበር። ይህን ጥንቃቄ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ከአስተዳደር ብልሃቱ ይቈጥሩታል። እንደዚያም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እርሱ ራሱ አልጋን የያዘው ሌላው ሳይዘጋጅ ፈጥኖ በመድረስ እንደሆነ ላስታወሰ ሰው፣ ጥንቃቄው ሌላም ምክንያት እንዳለው ይታየዋል። አንድ ልጅ የቀደመበትን አቋራጭ ሌላ ልጅ እንዳያውቀው መንገዱን ሁሉ ያጥራል።

በ1831 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ ወደ ሸዋ ገባ፤ በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ሻምበል ሐሪስ የእንግሊዝን የመልእክት ጓድ መርቶ አንኮበር ደረሰ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. በንጉሡና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከውሉ የተገኘው ጥቅም ብዙ አይደለም። ሐሪስ በሸዋ በቆየበት ጊዜ ከሆነው ሁሉ ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። በ1835 ዓ.ም. የመልእክት ጓዱ አገሩን ለቆ ከመሄዱ በፊት ሣህለ ሥላሴ በጎንቾ በሕይወት የቀሩትን የንጉሣዊ ቤት ልጆች አስፈታ።

ሐሪስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ መፈታት የራሱን ምክር እንደ ምክንያት ያቀርባል፤ ምክሩ መኖሩ አይካድም። ቢሆንም ንጉሡ በዚያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ጤናው የታወከ፣ ብዙ ልጆች ያሉት ሰው ነበር። ከእነርሱም መካከል ኃይለ መለኮት፣ ሰይፉ፣ ኃይለ ሚካኤልና ዳርጌ ይገኙበታል። እርሱ በሞተ ማግሥት ከእነዚህ አንዱ አልጋውን ይይዛል፤ የቀሩት ደግሞ በልማዱ መሠረት በእግር ብረት ወደ ጎንቾ ይወርዳሉ። ሣህለ ሥላሴ በወጣትነቱ ያላሰበውን ነገር በአባትነቱ ማሰቡ የማይቀር ነው። የወንድሞቹን ሰንሰለት ሲያስፈታ የልጆቹንም ሰንሰለት ማስፈታቱ ነበር። እስረኞቹ ሲወጡ ሸብተዋል፤ ልጅነታቸውንና ጉልምስናቸውን የሚመልስላቸው ግን አልነበረም።

ንጉሡ በጥቅምት ወር 1840 ዓ.ም. ሞተ። ኃይለ መለኮት ነገሠ፤ ወንድሞቹም አልታሰሩም። ይህ ደግሞ ያልታሰበ ውጤቱን ለማምጣት ጊዜ አልወሰደበትም። በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ዓፄ ቴዎድሮስ ወሎን አስገብረው ወደ ሸዋ ሲገሠግሡ፣ ኃይለ መለኮት በጥቅምት 30 ቀን ታሞ ሞተ። ሕፃኑ ምኒልክ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። የሸዋ መኳንንት ልጁን ይዘው በበረኸት ተዋግተው ድል ሆኑ፤ ልጁም ተማረከ። ከነፃዎቹ ወንድሞች አንዱ ኃይለ ሚካኤል ከዓፄ ቴዎድሮስ የሸዋን መርድ አዝማችነት ተቀበለ። ሌላው ሰይፉ በ1851 ዓ.ም. ዐመፀ፤ ዓፄ ቴዎድሮስም ዳግመኛ ወደ ሸዋ ተመልሰው ብርቱ ቅጣት አደረሱ። ሦስተኛው ዳርጌ ከወንድሙ ልጅ ከምኒልክ ጋር ተማርኮ በመቅደላ ታሰረ። ጎንቾ በነበረበት ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ከእነዚህ ሥራዎች አንዱንም ባልሠሩም ነበር፤ ሸዋም በመከራዋ ጊዜ በወንድማማቾች መካከል ባልተከፈለችም ነበር የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ መልስ የለውም ማለት አይደለም፤ መልሱ ዳርጌ ነው።

ዳርጌ ከመቅደላ እስር በ1860 ዓ.ም. ወጥቶ ወደ ሸዋ ሲመለስ፣ በ1857 ዓ.ም. አምልጦ የነገሠው የወንድሙ ልጅ ምኒልክ በአልጋው ላይ ነበር። በዕድሜም በዘርም ለአልጋው ቅርብ የሆነ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ነበር፤ እንደ አባቱ ሊቀድም ይችል ነበር። አልቀደመም። ራስ ተብሎ ሰላሌን እየገዛ ምክሩና ጦሩ የወንድሙ ልጅ ዋና ድጋፍ ሆኖ ኖረ፤ በ1892 ዓ.ም.ም በክብር ሞተ። ምኒልክም በበኩሉ የሰይፉ ልጅ መሸሻ በ1869 ዓ.ም. ሲያምፅበት፣ በጎንቾ ዘመን እንደሚደረገው ሳያደርግ ታርቆ አስገባው። በሰላ ድንጋይ በኩል የተጀመረው የወንድማማቾች ሩጫ በዚህ ትውልድ ያቆመ መስሎ ነበር። የሣህለ ሥላሴ ልጅ የወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ልጅ፣ ራስ መኰንን፣ የምኒልክ ታማኝ ሆኖ ሐረርን የገዛው በዚሁ ዘመን ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲሞት አልጋውን የወረሰው የልጁ ልጅ ኢያሱ ነበር፤ እርሱም ሥልጣን ሲይዝ ገና ወጣት ነበር። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ፤ የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ሆነ። ኢያሱ አምስት ዓመት ያህል በየበረሃው ከተንከራተተ በኋላ በ1913 ዓ.ም. ተያዘ። ጎንቾ ከተዘጋ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖታልና ሌላ ስፍራ ተፈለገለት። የተሰጠው በሰላሌ፣ በፍቼ ሲሆን፣ ጠባቂው በእናቱ በኩል የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ የሆነው ራስ ካሣ ኃይሉ ነበር። ኢያሱ በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ አመለጠ፤ ብዙም ሳይርቅ ተይዞ ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰደ። በዚያም በእስር ላይ እንዳለ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ሞተ።